ወረቀቱን የጻፈው ባለሙያ ችሎት ፊት ይቅረብልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ክቡር አዘጋጅ፤

በድሬዳዋ በሕግ ጠበቃነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የወንጀል ጉዳይ ነው፤ የምቆመውም በብዛት ከተከሳሽ ወገን ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድን ሐኪም ወይም አንድን መሥሪያ ቤት ለመክሰስ አይደለም። በየችሎቱ ደጋግሜ ያየሁትን፣ ሰው የሚታሰርበትንና የሚፈታበትን አንድ አሠራር አንባቢም፣ ዳኛም፣ ሕግ አውጪም እንዲያስቡበት ለመጠየቅ ነው። አሠራሩም ይህ ነው፤ የፎረንሲክ ምርመራ ውጤት ወይም የሐኪም ማስረጃ በወረቀት ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል፤ የጻፈው ባለሙያ ግን ሳይቀርብ፣ ሳይምልና ሳይጠየቅ በወረቀቱ ላይ ተመሥርቶ ፍርድ ይሰጣል።

ነገሩን ከአንድ መዝገብ ልጀምር። በ2015 ዓ.ም. በከባድ ስርቆት ለተከሰሰ አንድ ልጅ ጠበቃ ሆኜ ነበር። ልጁ የልደት ምስክር ወረቀት አልነበረውም፤ በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ከተወለዱት ልጆች ብዙዎቹ እንደ እርሱ ናቸው። እናቱ መጋላ ውስጥ ቅመማ ቅመም ቸርቻሪ ናት። የልጇን ዕድሜ ስትጠየቅ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የተወለደው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን በመታ በአርባ ቀን ገደማ ነው። ያ ጎርፍ የመጣው በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ በሌሊት ነው። ከ200 በላይ ሰው ስለ ወሰደ በድሬዳዋ ዘመን ከሚቆጠርባቸው ነገሮች አንዱ ሆኗል። በእናቱ ቆጠራ ልጁ ወንጀሉ ተፈጸመ በተባለበት ቀን ዐሥራ ስድስት ዓመት ከጥቂት ወራት ነበር። ፖሊስ ለሆስፒታሉ የጻፈው ደብዳቤ ግን «የተጠርጣሪው ዕድሜ ከ18 ዓመት በላይ መሆኑ ተረጋግጦ ይላክልን» ይላል። የመጣውም መልስ አንድ መስመር ነበር፤ በእጅ አንጓ ራጅ ምርመራ ዕድሜው ከ18 እስከ 20 ዓመት ይገመታል። ከሥሩ ፊርማና ማኅተም አለ። ልጁ በዚያች አንድ መስመር ከአዋቂዎች ጋር ታሰረ።

ሕግ ያልተማረ አንባቢ አንድና ሁለት ዓመት ይህን ያህል ምን ለውጥ ያመጣል ሊል ይችላል። የወንጀል ሕጋችን ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ጨርሶ ተጠያቂ አያደርግም። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ላለው የተለየ ሥርዓት አለው፤ ከዐሥራ አምስት አልፎ ዐሥራ ስምንት ላልሞላው ደግሞ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን የሚያቀልበት መንገድ ክፍት ነው። በተበዳይ በኩል ሲታይ ልዩነቱ ይብሳል። በሴት ልጅ ላይ የግብረ ሥጋ በደል የፈጸመ ሰው ተበዳይዋ 13 ዓመት ሞልቷት 18 ካልደረሰች በአንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ 13 ካልሞላት በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። እንግዲህ የአንዲት ልጅ አንጓ ራጅ የሚነበብበት መንገድ አንድን ሰው ከ3 ዓመት መነሻ ወደ 13 ዓመት መነሻ ሊወስደው ወይም በተቃራኒው ሕፃን የደፈረን ሰው በቀላል ቅጣት ሊያሳልፈው ይችላል። ይህን ያህል ክብደት የተጫነበት ምርመራ ምን ያህል እንደሚሸከም መጠየቅ ደግሞ የጠበቃም የዳኛም ግዴታ ነው።

ራጅ የሚናገረው ስለ አጥንት ዕድገት እንጂ ሰው ስለ ተወለደበት ቀን አይደለም። የልጅ አጥንት ጫፍ አካባቢ አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ ይህ ክፍል በጉርምስና ጊዜ ቀስ በቀስ እየጠነከረ ከዋናው አጥንት ጋር ይገጥማል፤ ሐኪሙም የሚያየው ይህ መግጠም የት እንደ ደረሰ ነው። በዓለም ዙሪያ በብዛት ለማነጻጸሪያነት የሚያገለግለው የራጅ ሥዕሎች ስብስብ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ከነበሩ፣ ኑሯቸው የተደላደለ የነጭ ቤተሰብ ልጆች ነው። ዓላማውም የልጆችን ዕድገት መከታተል ነበር፤ ለችሎት ታስቦ አልተዘጋጀም። አንድ ልጅ ያጣው ወይም ያገኘው ምግብ፣ ያሳለፈው ሕመም፣ ጉርምስናው መቅደሙ ወይም መዘግየቱ አጥንቱን ከዕድሜው ሊያስቀድመው ወይም ወደ ኋላ ሊያስቀረው ይችላል። በዐሥራዎቹ መጨረሻ ባለ ዕድሜ ላይ ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሁለት ዓመት ያህል ቢዛነፍ ለሙያው እንግዳ ነገር አይደለም። አጥንቱ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከገጠመ በኋላ ደግሞ የአንጓ ራጅ ከዚህ ዕድሜ አያልፍም ብሎ ሊወስን አይችልም፤ የሃያ ዓመት ወጣትና የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ በእርሱ አይለዩም። ይህን ሁሉ ለዚህ ሥራ የተሰየመ ሐኪም ያውቀዋል፤ በወረቀቱ ላይ ግን ከዚህ ውስጥ አንዱም አይጻፍም።

ሐኪሙ ይቅረቡልን ብዬ አመለከትሁ። በመጀመሪያው ቀጠሮ መጥሪያው አልደረሳቸውም ተባለ፤ በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ላይ ስለሆኑ መምጣት አልቻሉም ተባለ። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃው ከመንግሥት የጤና ተቋም የወጣ ስለሆነ በራሱ በቂ ነው፤ ሐኪሙን መጥራት ጊዜ ማባከን ነው ሲሉ ተከራከሩ። ዳኛዋ ግን ለሦስተኛ ጊዜ አዘዙ፤ ሐኪሙም መጡ። እኚህ ሰው የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልጁን ራሱን አይተውት እንደሆነ ስጠይቃቸው «አላየሁትም፤ የቀረበልኝ ራጁ ነው» አሉ። ከ18 እስከ 20 ያሉት ወደ 16 ሊወርድ ይችል እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሊወርድ ይችላል፤ 16 አይሆንም ብዬ አልምልም» አሉ። ታዲያ ይህን ለምን አልጻፉትም ስላቸው «ቅጹ ላይ ቦታ የለውም፤ የተጠየቅሁትም ከ18 በላይ ነው ወይ ተብዬ ነው» ሲሉ መለሱ። ፍርድ ቤቱ ጥርጣሬውን ለልጁ ተርጉሞ ዕድሜውን ከ18 በታች አድርጎ ያዘ። ይህ ሲሆን ግን ልጁ ከአዋቂዎች ጋር ሰባት ወር ታስሯል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ወጣት ጥፋተኞች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል፤ እነዚያን ሰባት ወራት የሚመልስለት ግን ማንም የለም።

ሐኪሙን እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። እውነቱን የተናገሩት ስለተጠየቁ ነው፤ ሳይጠየቁ የቀሩበት ወረቀት ግን እውነቱን ግማሽ አድርጎት ነበር። ከባለሙያ ጋር ጠብ የለኝም የምለውም ለዚህ ነው። ባለሙያ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ከወረቀቱ ይልቅ ጠንቃቃና ትሑት ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ማኅተም ግን መጠንቀቅም መጠራጠርም አይችልም።

በእኛ አገር የሙግት ሥርዓት ሰው ቆሞ የሚጠየቅበት ነው። በላ ልበልሃ ሲባል፣ ተጠየቅ ሲባል የኖረው ምስክርም ሆነ ተሟጋች በአደባባይ፣ በዳኛ ፊት፣ በባላጋራው አንደበት ተፈትኖ ቃሉ እንዲነጥር ነው። በአንጻሩ ደግሞ የሌባ ሻይን ታሪክ ሰምተን አድገናል። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ይነዳል፤ የወደቀበት ደጅ ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሌባ ሻዩን የሚጠይቀው ማንም አልነበረም፤ መድኃኒቱ ስንት ጊዜ እንደ ሳተም የመዘገበ አልነበረም። የዛሬን ላቦራቶሪ ከሌባ ሻይ ጋር እኩል ነው አልልም። ነገር ግን አንድን የምርመራ ዘዴ ከሌባ ሻይ የሚለየው ነጭ ጋዋን ወይም ማይክሮስኮፕ አይደለም፤ መጠየቅ መቻሉና ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት መታወቁ ነው። እነዚህን ሁለቱን ካነሣንበት የቀረው የሹመት ክብር ብቻ ነው።

ሕጋችንስ ምን ይላል? የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 34 ፖሊስ በምርመራ ጊዜ የተጠርጣሪን ወይም የተበዳይን ገላ በተመዘገበ ሐኪም እንዲያስመረምርና ውጤቱም በጽሑፍ እንዲሰፍር ይፈቅዳል። ወረቀቱ የሚወለደው ከዚህ ነው። ወደ ክርክሩ ሲገባ ግን ያው ሕግ በአንቀጽ 136 ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹንና ልዩ አዋቂዎች (ማለትም የሙያ ምስክሮች) ካሉትም እነርሱን እንደሚጠራ፣ እነርሱም ቃላቸውን ከመስጠታቸው በፊት እንደሚምሉ ወይም እንደሚያረጋግጡ ይደነግጋል። ሕጉ በክርክር ጊዜ ያሰበው ሰውን ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። «ምስክር» የሚለው ቃል በዐይኑ ያየውን ጎረቤት ብቻ ይመለከታል፣ በማይክሮስኮፕ ያየውን ባለሙያ አይጨምርም የሚል ክርክር በችሎት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ልዩነት ግን ከድንጋጌው ቃልም ከዓላማውም አላገኘሁም። የወንጀል ሕጉ ሐሰተኛ ምስክርነትን ብቻ ሳይሆን ሐሰተኛ የልዩ አዋቂ አስተያየትንም የሚቀጣ መሆኑ ባለሙያው በሕግ ዐይን ከምስክር ጎን እንደሚቆም ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ድንጋጌ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 51 ነው። ስለ ተከሳሹ የአእምሮ ጤንነት ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ ባለሙያ እንዲያይለት ያዝዛል። ውጤቱ ሲመጣ ግን ዳኛውን የሚያስገድደው የተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ እንጂ ባለሙያው ከግኝቱ ተነሥቶ በሕጉ ረገድ የሚሰጠው ድምዳሜ አይደለም። ይህ ሐሳብ በአገራችን ሕግ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት አለ፤ እኛ ግን ለአእምሮ ሕመም ብቻ የተጻፈ አድርገን ትተነዋል። «በግራ ክንድ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁስል አለ» የሚለው ግኝት ነው። «ቁስሉ የተፈጠረው በመደፈር ሙከራ ነው» የሚለው ግን ከሐኪሙ ዘንድ የመጣ ፍርድ ነው። ሁለቱ በአንድ አንቀጽ፣ በአንድ ማኅተም ሥር ተደባልቀው ይመጡና የፍርዱ ሐተታ ውስጥ «በሐኪም ማስረጃ ተረጋግጧል» በሚል አንድ ሐረግ ያልፋሉ።

የተሟላ የማስረጃ ሕግ የለንም። እ.ኤ.አ. በ1967 የተዘጋጀው የማስረጃ ደንብ ረቂቅ ሳይጸድቅ ቀርቷል፤ ፍርድ ቤቶቻችን እስካሁን የሚሠሩት በየሕጉ ተበታትነው በሚገኙ ድንጋጌዎችና በልምድ ነው። በመሆኑም አንድ የባለሙያ ማስረጃ ተቀባይነት የሚኖረው ምን ሲያሟላ ነው ተብሎ ቢጠየቅ ጣት የሚጠቆምበት አንቀጽ አይገኝም። ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ መመለስ የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1923 የውሸት መለኪያን በሚመለከት በተሰጠ ውሳኔ፣ አንድ ዘዴ ችሎት የሚገባው በሙያው ዘንድ አጠቃላይ ተቀባይነት ሲያገኝ ነው ተባለ፤ በ1993 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛው ራሱ ዘዴው ተፈትኖ እንደሆነ፣ በሙያው ባልደረቦች ተገምግሞ እንደሆነ፣ የስሕተቱ መጠን ታውቆ እንደሆነና የሚመራበት ደረጃ እንዳለው እንዲመረምር ወሰነ። እነዚያ መመዘኛዎች በጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ በተመረጡ ፈራጆች፣ ለሚዳኝ አገር የወጡ ናቸው፤ በእኛ አገር ዳኛው ሕጉንም ፍሬ ነገሩንም ስለሚወስን አያስፈልጉንም የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ደግሞ በዚሁ ምክንያት ይበልጥ ያስፈልጉናል እላለሁ። ጁሪ ምክንያቱን አይጽፍም፤ የእኛ ዳኛ ግን ለምን እንዳመነ የመጻፍ ግዴታ አለበት፤ ዘዴውን ሳይጠይቅ ምክንያቱን ሊጽፍ አይችልም።

ደግሞ ይህ የድሃ አገር ችግር ነው፤ ላቦራቶሪያችን ሲዘምን ይቀራል የሚል አስተሳሰብ አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 ማድሪድ ውስጥ በባቡሮች ላይ ፍንዳታ ከደረሰ በኋላ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በአንድ ፕላስቲክ ከረጢት ላይ የተገኘው የጣት አሻራ የኦሪገን ነዋሪ የሆነ የአንድ ጠበቃ ነው ሲል በእርግጠኝነት ደመደመ። የቢሮው ብዙ ልምድ ያላቸው መርማሪዎች ተስማሙበት፤ ፍርድ ቤት የመደበው ገለልተኛ ባለሙያም አረጋገጠው። ጠበቃው ለሁለት ሳምንት ያህል ከታሰረ በኋላ የስፔን ፖሊስ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ደረሰበት፤ ቢሮውም ይቅርታ ጠየቀ። ያው ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይክሮስኮፕ በሚደረግ የፀጉር ንጽጽር ላይ ባለሙያዎቹ የሰጡትን ምስክርነት ሲከልስ፣ ቃላቸው ተከሳሹን ለመጉዳት ከዋለባቸው 268 ክርክሮች ውስጥ በ257ቱ ከሳይንሱ ያለፈ ነገር መናገራቸውን አምኗል። እነዚህ ሰዎች ዋሾዎች አልነበሩም፤ መሣሪያም አላጠራቸውም። ያጡት ጠንክሮ የሚጠይቃቸው ሰው ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ያሳየ አንድ ትንሽ ሙከራ ደግሞ አለ፤ የፖሊስ ደብዳቤ አጻጻፍን በሚመለከት ሁሉ የማነሣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኢቲኤል ድሮር የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ለአምስት የጣት አሻራ ባለሙያዎች ከዓመታት በፊት ራሳቸው ይመሳሰላሉ ብለው የወሰኑባቸውን አሻራዎች፣ የራሳቸው መሆኑን ሳይነግሯቸው፣ የማድሪዱ የተሳሳተ አሻራ ነው ብለው ሰጧቸው። በቀድሞ ውሳኔው የጸናው አንዱ ብቻ ነው፤ ሦስቱ አይመሳሰሉም አሉ፤ አንዱ ለመወሰን አይበቃም አለ። አሻራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አብሮ የተነገራቸው ወሬ ነው። እንግዲህ «ከ18 ዓመት በላይ መሆኑ ተረጋግጦ ይላክልን» የሚል ደብዳቤ፣ ወይም «ተከሳሹ ወንጀሉን አምኗል፤ ፊርማው የእርሱ መሆኑ ይረጋገጥልን» የሚል መሸኛ ምን እንደሚሠራ አንባቢ ይፍረድ። ጥያቄው «ዕድሜው ስንት ይገመታል? ምን ያህልስ ሊዛነፍ ይችላል?» ተብሎ ቢጻፍ የሚጠፋ ወጪ የለም።

የድሬዳዋን ሙቀት በሚመለከትም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ከሌላው ከተማ ይልቅ እኛን የሚነካ ጉዳይ ነው። ሰው ሲሞት ገላው 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሆነው ሙቀቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ የሞተበት ሰዓት ከሚገመትባቸው መንገዶች አንዱም ይህ ቅዝቃዜ ነው። ስሌቶቹ የተዘጋጁት በአብዛኛው ቀዝቃዛ ወይም መካከለኛ አየር ባላቸው አገሮች ነው። በግንቦትና በሰኔ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው የገንደ ቆሬ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት ከሰው ገላ ሙቀት ጋር ሊተካከል ይችላል፤ ያን ጊዜ አስከሬኑ አይቀዘቅዝም፤ ስሌቱም መነሻውን ያጣል። የአስከሬን መገተርም በሙቀት ቶሎ ይጀምራል፤ ቶሎም ያልፋል፤ መበስበሱም ይፈጥናል። በአንድ የግድያ መዝገብ ላይ ሟቹ «ከ24 ሰዓት በላይ ሆኖታል» የሚል ወረቀት ቀርቦ ነበር፤ ተከሳሹ ከሟቹ ጋር የታየው ከዚያ ሰዓት በፊት ስለነበር ቁጥሩ የክሱ ምሰሶ ሆነ። አስከሬኑ የተገኘበት ክፍል ሙቀት በመዝገቡ ውስጥ የትም አልተጻፈም። የለካም ሰው አልነበረም። የሁለት ብር መለኪያ ባይኖር እንኳ መስኮቱ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይስ ሲሚንቶ፣ ሟቹ ምን ለብሶ ነበር ተብሎ ቢጻፍ ባለሙያው ግምቱን ያሰፋ ነበር፤ እኛም የምንጠይቀው ነገር ይኖረን ነበር።

የናሙና አያያዝም ከዚሁ የተያያዘ ነው። ደም የነካው እርጥብ ልብስ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ከሰነበተ ይሻግታል፤ ዲኤንኤውም ይበላሻል። በአየር ደርቆ በወረቀት ከረጢት መቀመጥ አለበት። ይህ በየትኛውም የወንጀል ምርመራ ሥልጠና ላይ ከሚነገሩ የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ነው፤ ሆኖም በሙቀታችን ውስጥ በፌስታል ታስሮ የመጣ ኤግዚቢት (ለማስረጃ የተያዘ ዕቃ) በችሎት ሲከፈት ሽታውን ያልሸተተ ጠበቃ በዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም። ዕቃውን ማን አነሣው፣ የት አስቀመጠው፣ በማን እጅ ወደ አዲስ አበባ ተላከ የሚለው ሰንሰለት ከተቆረጠ የላቦራቶሪው ማሽን ምንም ያህል ቢዘምን የሚነግረን ስለየትኛው ዕቃ እንደሆነ አናውቅም።

ይህን ሁሉ ስል ለወንጀለኛ መሸሸጊያ እየፈለግሁ እንዳይመስል እሰጋለሁ። በየጊዜው ከተበዳይ እናቶች ጋር በችሎት ኮሪደር እቀመጣለሁ፤ ዐይናቸውን አይቻለሁ። የጥሩ የፎረንሲክ ማስረጃ የመጀመሪያ ተጠቃሚው ተበዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በእንግሊዝ ሌስተርሺር ሁለት ልጃገረዶች ተደፍረው በተገደሉበት ጉዳይ ዲኤንኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በወንጀል ምርመራ ሲውል ያደረገው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛውን ግድያ ፈጽሜያለሁ ብሎ ለፖሊስ ያመነውን የ17 ዓመት ወጣት ነጻ አወጣው፤ ቆይቶም እውነተኛውን ገዳይ ያዘው። ያን ወጣት ኮንነው ቢሆን ኖሮ ገዳዩ በሰላም በመንገድ ይሄድ ነበር። ደካማ ማስረጃ ለተከሳሹ ብቻ ሳይሆን ለሟቿም ቤተሰብ በደል ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የባለሙያ ወረቀት ሲጻፍ ምን እንደ ታየ፣ በምን ዘዴ እንደ ታየ፣ ማን እንዳየውና ግምቱ ምን ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል ይስፈርበት፤ ከፖሊስ የተጻፈው ደብዳቤም አብሮ ይያያዝ። ወረቀቱ ለተከሳሹ ወገን በክርክሩ ቀን ጠዋት ሳይሆን ሊያነብበትና ሌላ ሐኪም ሊያማክርበት በሚችልበት ጊዜ ይድረሰው፤ ለሁለተኛ አስተያየት የሚከፍል ገንዘብ የሌለው ተከሳሽ ደግሞ፣ አብዛኞቹም የሌላቸው ናቸው፣ ይህን ወጪ መንግሥት ይሸፍንለት። ተከሳሹ ውጤቱን ከተቃወመ ባለሙያው ቀርቦ ይማል፤ ይጠየቅም። ካልቀረበ ወረቀቱ ብቻውን ለጥፋተኝነት ውሳኔ መሠረት አይሁን። የማስረጃ ሕጉን የሚያረቁ ባለሙያዎች ይህን በአንቀጽ ቢያሰፍሩት፣ አንዱ ዳኛ ጠርቶ ሌላው ሳይጠራ የሚቀርበት የዕድል ነገር ያበቃል።

ሐኪሞቻችን ሥራ እንደሚበዛባቸው አውቃለሁ። አንድ ቀዶ ሐኪም ሕመምተኛ አስተኝቶ ለአንድ ሰዓት ምስክርነት ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ መዋሉ ራሱ በደል ነው፤ ባለሙያ መጥሪያ የሚሸሸውም ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ እውነትን ከመፍራት አይደለም። ስለዚህ ለልዩ አዋቂ ምስክር የተወሰነ ሰዓት ይሰጠው፤ በሰዓቱ ይሰማ፤ የመጓጓዣና የአበል ወጪውም በጊዜው ይከፈለው። አዲስ አበባ ያለውን መርማሪ በሚመለከትም የርቀቱ ነገር ሰበብ መሆኑ ሊያበቃ ይገባል። ፍርድ ቤቶቻችን በቪዲዮ ኮንፈረንስ ማስቻል ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ መሣሪያው ይግባኝ ለመስማት የሚያገለግል ከሆነ ድሬዳዋ ካለ ችሎት አንድን የአሻራ መርማሪ አምሎ በመስቀለኛ ጥያቄ ለመስማትም ያገለግላል። የሚቀጥለው ዓመት የችሎት ሥራ ሳይጀመር ይህ አሠራር በከተማችን ባሉት ፍርድ ቤቶች እንዲሞከር፣ ጋዜጣችሁም የሚመለከታቸውን የፍርድ ቤት፣ የፖሊስና የጤና ኃላፊዎች ጠይቆ መልሳቸውን እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሕግ ጠበቃ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ